ከዒሻ በኋላ የሚነገር ታሪክ፦ የጂዛን የሥነ ጽሑፍ ክበብና ስማቸው ያልገነነ ሰዎች

በ1975 በሳዑዲ ዓረቢያ የመጀመሪያዎቹ የሥነ ጽሑፍ ክበቦች ሲቋቋሙ፣ ከተመረጡት ስድስት ከተሞች አምስቱ ማንም የሚገምታቸው ነበሩ፦ ሪያድ፣ ጂዳ፣ መካ፣ መዲናና ጣይፍ። ስድስተኛዋ ጂዛን ናት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጂዛን ያኔ በቀይ ባሕር ዳር፣ ከየመን ወሰን አጠገብ ያለች፣ ወበቋ የማይቻል የወደብ ከተማ ነበረች። ዩኒቨርሲቲዋ የተከፈተው ከ31 ዓመት በኋላ በ2006 ነው። እንዲህ ያለች የዳር ከተማ ከመካና ከመዲና ጋር በአንድ መዝገብ የሰፈረችው በአብዛኛው በሁለት ሰዎች ምክንያት ይመስለኛል። አንዱ የታሪክ ጸሐፊው ሙሐመድ ቢን አሕመድ አል-ዐቂሊ ናቸው፤ ሁለተኛው ባለቅኔው ሙሐመድ ቢን ዐሊ አል-ሰኑሲ። ክበቡን መጀመሪያ የመሩት አል-ዐቂሊ ሲሆኑ፣ ከእሳቸው በኋላ አል-ሰኑሲ ወንበሩን ይዘው እስካረፉበት እስከ 1987 ድረስ ቆዩ።

አል-ዐቂሊ የሰብያ ልጅ ናቸው። ሰብያ ከጂዛን በስተሰሜን ያለች፣ ዛሬ በማንጎዋ የምትታወቅ የቆላ ከተማ ናት። እሳቸው በ1910ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሲወለዱ ግን የአንድ አጭር ዕድሜ መንግሥት መናገሻ ነበረች። ሙሐመድ አል-ኢድሪሲ በኦቶማኖች ላይ ተነሥቶ፣ ጣልያኖች ከምጽዋ በኩል መሣሪያ አቀብለውት፣ በ1915 ደግሞ ከእንግሊዞች ጋር ውል ተፈራርሞ ያቆመው መንግሥት ነው። ይህ መንግሥት ከመሥራቹ ሞት በኋላ ብዙ አልቆየም። በ1926 በኢብን ሳዑድ ጥበቃ ሥር ገባ፣ በ1930 ተጠቃለለ፣ በ1932 የተነሣው ዐመፅም ከሸፈ። በ1934 በሳዑዲና በየመን መካከል ጦርነት ሆኖ በጣይፍ ውል ተዘጋ። አል-ዐቂሊ ይህ ሁሉ ሲያልፍ ገና ሃያ ዓመት አልሞላቸውም። አንድ መንግሥት ሲወድቅ ከሰዎቹ ጋር ወረቀቱም እንደሚበተን በዓይናቸው አይተዋል። ዕድሜያቸውን የተበተነውን ለመልቀም ያዋሉት ከዚያ የተነሣ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመንግሥት ሥራ እየሠሩ፣ ከየቤቱ የእጅ ጽሑፍ፣ ደብዳቤ፣ የቃዲ ፍርድና የዘር ሐረግ እያሰባሰቡ ጻፉ። የአውራጃውን፣ በድሮ ስሙ የሱለይማን ሚኽላፍን፣ ታሪክ የያዘው ትልቁ መጽሐፋቸው መጀመሪያ የወጣው በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ ሁለተኛው እትም በ1982 በሐመድ አል-ጃሲር «ዳር አል-የማማ» አሳታሚ ቤት በኩል ወጣ። የአውራጃውን መንደርና ሸለቆ አንድ በአንድ የሚዘረዝር የጂኦግራፊ መዝገበ ቃላትም አላቸው። ባዶ መሬት ላይ እንዳልጀመሩ ለማሳየት የቀደሙትን ጸሐፊዎች ራሳቸው አሳትመዋል፤ የአቡ ዐሪሽ ከተማን ገዥ የሸሪፍ ሐሙድን ዘመን የሚተርከውን የቃዲ አል-በህከሊን ድርሳን ለኅትመት አዘጋጅተው በንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ የጥናት ተቋም በኩል አውጥተዋል። አል-ዐቂሊ የሞቱት በ2002 ነው።

አውራጃው ለዘመናት የተጠራበት «የሱለይማን ሚኽላፍ» የሚለው መጠሪያ ከአንድ ሰው የመጣ ነው። ሱለይማን ኢብን ጠርፍ በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሁለቱን አጎራባች ግዛቶች አንድ አድርጎ ለሃያ ዓመት ያህል የገዛ የሐከሚ ጎሣ ሰው ነበር። ልጅ ልጆቹ ሥልጣኑን አልያዙትም፤ ከእሱ በኋላ አገሩን የገዙት ሸሪፎች ናቸው። ስሙ ግን እስከ ትናንት ድረስ የአገሩ ስም ሆኖ ዘለቀ። በየቀኑ የሚጠራ፣ ማን እንደነበር ግን የሚጠይቅ የሌለው ሰው። የጂዛን ክበብ የምሽት ጉባኤዎች እንዲህ ላሉ ሰዎች የተመቹ ናቸው።

ክበቦቹ የተጀመሩት የወጣቶችንና የስፖርትን ጉዳይ በሚመራው መሥሪያ ቤት ሥር ነው። ኃላፊው ልዑል ፈይሰል ቢን ፈህድ የአገሩን ጸሐፊዎች ሰብስበው ባነጋገሩበት ጊዜ ሐሳቡ ከራሳቸው ከጸሐፊዎቹ መጣ። የእግር ኳስ ክለብ ካለ የሥነ ጽሑፍ ክበብስ ለምን አይኖርም? ስለዚህም ለብዙ ዓመታት የኳሱም የግጥሙም በጀት ከአንድ ቢሮ ሲወጣ ኖረ። ከስድስቱ በኋላ አብሃ፣ ቀሲም፣ ደማምና ሌሎችም ተከተሉ። እያንዳንዱ ክበብ የሚሠራው ያው ነው፦ መጽሐፍ ያሳትማል፣ መጽሔት ያወጣል፣ የግጥም ምሽት ያዘጋጃል፣ ሙሐደራ ማለትም የንግግር ምሽት ያሰናዳል። የጂዛኑ ክበብ «መራፊእ» የሚባል መጽሔት አለው፤ ወደቦች ማለት ነው።

ሙሐደራው ከመግሪብ ወይም ከዒሻ ሶላት በኋላ ይጀመራል። ቲሃማ በሚባለው በዚህ የባሕር ዳር ቆላ በቀን ሰው ሰብስቦ ማስቀመጥ ዘበት ነው። ከፊት ረድፍ ሽማግሌዎችና ሹማምንት ይቀመጣሉ፤ መድረኩ ላይ ተናጋሪውና አወያዩ ጎን ለጎን ይሆናሉ። አወያዩ የተናጋሪውን ትምህርትና ሥራ ካስተዋወቀ በኋላ ተናጋሪው ከወረቀት ያነብባል። አንባቢዬ እዚህ ላይ ቢሰለች አልፈርድበትም፤ ብዙዎቹ ጽሑፎች ረጃጅም ናቸው፣ ምስጋናቸውም ይበዛል። ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ሙዳኸላ ይሉታል፦ ከታዳሚው መካከል እየተነሡ የሚሰጡት ተጨማሪ ቃል። ስለ አንድ የድሮ ቃዲ ሲነገር የቃዲው የልጅ ልጅ ልጅ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጧል። ይነሣል፣ ማይክሮፎን ይቀበላል፣ ያርማል። የሞቱት እዚያ ሳይሆን እዚህ ነው፤ መቃብራቸው ከእገሌ ጉድጓድ በስተምሥራቅ ነው፤ የጻፉት ደብዳቤ እኛ ቤት አለ።

እንዲህ ላለ አገር የንግግር ምሽቱ ከመጽሐፉ ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው። የጂዛን ምድር ታሪክ በቤተ መዛግብት አልተቀመጠም። ቃዲዎቹ፣ ፈቂሆቹ፣ ባለቅኔዎቹ ጽሑፋቸውን ለልጆቻቸው ነው የተዉት። ምስጥና ጎርፍ ያልበላው በሰንዱቅ ውስጥ አለ፤ ሰንዱቁ ደግሞ ለማያውቁት ሰው አይከፈትም። ከሪያድ የመጣ ተመራማሪ በር ቢያንኳኳ ቡና ይጠጣል፣ ምሳ ይበላል፣ ወረቀቱን ግን አያይም። የአያቱ ስም በአደባባይ በክብር ሲነሣ የሰማ ሰው ግን በማግሥቱ ራሱ ይዞት ይመጣል። ምሽቱ ያንን በር የሚከፍት ቁልፍ ሆኖ አገልግሏል። ከዚያ መጽሐፉ ይከተላል፣ ከመጽሐፉም የዩኒቨርሲቲ ጥናት።

ደመድ የምትባለውን ከተማ እንውሰድ። ከጂዛን ወደ ውስጥ ገባ ብላ በወንዝ ሸለቆ ዳር የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት፤ ያፈራቻቸው ሊቃውንት ግን ብዙ ናቸው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ባለቅኔ ኢብን ሁተይሚል ከዚህ ነው። ግጥሙን ከተረሳበት አውጥተው ያጠኑት አል-ዐቂሊ ናቸው። በ1806 የተወለዱት ሐሰን ቢን አሕመድ ዓኪሽም የደመድ ሰው ናቸው። ዓኪሽ ቃዲ፣ ታሪክ ጸሐፊ፣ የሊቃውንትን ሕይወት አንድ በአንድ የመዘገቡ ሰው ነበሩ። አል-በህከሊ የጀመሩትን የሸሪፍ ሐሙድን ታሪክ የጨረሱትም እሳቸው ናቸው። ዛሬ የዚያን ዘመን የቲሃማ ሊቃውንት ስም የምናውቀው በአብዛኛው በእሳቸው ብዕር ነው፤ የእሳቸውን ስም የሚያውቅ ግን ከአውራጃው ውጭ ጥቂት ነው።

ዓኪሽ ካቆዩልን ነገር አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። በ1832 ሰብያ ውስጥ አንድ ክርክር ተደረገ። ከሞሮኮ ተነሥተው፣ በመካ ረጅም ዘመን አስተምረው፣ በስተርጅና ሰብያ የተቀመጡት ታላቁ የሱፊ መምህር አሕመድ ቢን ኢድሪስ በአንድ ወገን ነበሩ። በሌላው ወገን የሙሐመድ ቢን ዐብዱልወሃብን ትምህርት (ወሃቢያ የሚባለውን) የሚከተሉ፣ ከዐሲር ተራራ የወረዱ ፈቂሆች። ከተከራካሪዎቹ ዋናው ናሲር አል-ኩበይቢ ይባላል። የዐሲር አሚር ዐሊ ቢን ሙጀሲል የእንግዳውን ሸይኽ ክብር ስለሚጠብቅ ነገሩ በሰይፍ ሳይሆን በቃል እንዲያልቅ ሆነ። ፈቂሆቹ፣ የሸይኹ ተማሪዎች መምህራቸውን ከልክ በላይ ያከብራሉ፣ የሱፊዎቹ አነጋገር ከሃይማኖት ያወጣል ብለው ከሰሱ። ሸይኹ የሙሐመድ ቢን ዐብዱልወሃብን በጎ ሥራ እንደማይክዱ፣ ነገር ግን ሙስሊሙን ከሃዲ ማለት ስሕተት እንደሆነ መለሱ። ዓኪሽ በዚያን ጊዜ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነበሩ፤ የተባለውን ሁሉ ጻፉት። ሁለቱ ወገኖች ዛሬም በመላው ዓለም የሚከራከሩበትን ጉዳይ ያኔ ሰብያ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ተነጋግረውበታል፤ ቃላቸው የደረሰን ደግሞ አንድ የደመድ ወጣት ስለመዘገበው ብቻ ነው።

አሕመድ ቢን ኢድሪስ በ1837 ሰብያ ውስጥ ዐረፉ። ከላይ መንግሥት አቆመ ያልነው ሙሐመድ የእሳቸው የልጅ ልጅ ልጅ ነው። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ሙሐመድ ዑስማን አል-ሚርገኒ ነበሩ። የኸትሚያ የሱፊ ጠሪቃ መሥራች ናቸው፤ ተከታዮቻቸው በሱዳንና በከረን፣ በምጽዋ ዙሪያ እስከ ዛሬ አሉ። ሰብያንና የኤርትራን ቆላ የሚያገናኘው ክር ይህን ያህል ቅርብ ነው።

ወደ ደቡብ፣ ወሰኑ ሊደርስ ሲል፣ ሳምጣ አለች። በ1939 ከነጅድ ዑነይዛ የመጡ ዐብዱላህ አል-ቀርዓዊ የሚባሉ ሸይኽ እዚያ አንዲት ሱቅ ከፈቱ። ሱቋ ሸቀጥ ይሸጥባታል፣ ቁርኣንና ፊደልም ይማሩባታል። ከአንዲት ሱቅ የተነሣው ትምህርት ውሎ አድሮ በቆላውና በተራራው በመቶ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ሆነ። ከተማሪዎቹ መካከል ከመንደሩ በጎች ሲጠብቅ ያገኙት ሓፊዝ አል-ሐከሚ የሚባል ልጅ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ መምህሩ እንዲጽፍ አዘዙትና፣ የእምነትን መሠረት በግጥም አዘጋጀ። ያ ግጥም ዛሬ ከኢንዶኔዥያ እስከ ናይጄሪያ በመስጊድ ይሸመደዳል። ሓፊዝ የሳምጣን የሃይማኖት ተቋም እየመራ ሳለ በ1958 ለሐጅ በሄደበት መካ ሞተ፤ ሠላሳ አምስት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም። ግጥሙን በቃል የሚያነበንቡት ሚሊዮኖች ሳምጣ የት እንዳለች አያውቁም። በሳምጣ ግን የእረኛውን ልጅነት ከወላጆቻቸው የሰሙ አሁንም አሉ።

ስለ እኛስ? ይህን የምጽፈው በአማርኛ ስለሆነ ጥያቄውን ማለፍ አልችልም። ከዚህ ባሕር ማዶ የሄዱ ሰዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ ናቸው ወይ? ናቸው፤ ያውም በእልፍኙ።

ከጂዛን በስተደቡብ፣ በዚያው በቲሃማ ቆላ፣ ዘቢድ የምትባል ከተማ አለች። ከ1022 እስከ 1158 ድረስ የገዟት ነጃሒዶች ናቸው፤ መሥራቹ ነጃሕ ሐበሻ ነበር። በባርነት ሄዶ ንጉሥ የሆነ ሰው። ልጆቹ ከየመን ደጋ ከወረዱት ሱለይሂዶች ጋር ሥልጣኑን ሲነጣጠቁ ኖሩ። ታላቁ ሰዒድ ተገደለ፤ ታናሹ ጀያሽ ወደ ህንድ ሸሸ። ጀያሽ ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። ፀጉሩንና ጥፍሩን አሳድጎ፣ አንድ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ህንዳዊ መስሎ ወደ አባቱ ከተማ ገባ። ሰንጠረዥ አዋቂ ነበርና የጠላቱ ሹም ቤት ድረስ ሄዶ ከሹሙ ልጅ ጋር ይጫወት ጀመር። በዚያው በጨዋታው ቤት ማንነቱ ታወቀ። ሹሙ ግን በጌቶቹ ተቀይሞ ስለነበር አሳልፎ አልሰጠውም፤ ከእሱ ጋር ዶለተ። ጀያሽ በከተማው ተበትነው የነበሩትን ሐበሾች አስነሥቶ ዙፋኑን አስመለሰ። ከዚያ ደግሞ ተቀምጦ የዘቢድን ታሪክ ጻፈ። ንጉሥም፣ ሰንጠረዥ ተጫዋችም፣ ታሪክ ጸሐፊም የሆነ የሐበሻ ልጅ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ነበረን፤ ስሙን በትምህርት ቤታችን የሰማ ስንት ይሆን?

በዚሁ መንግሥት መጨረሻ ንግሥት ዐለም ነበሩ። በዘፋኝ ባርነት ወደ ቤተ መንግሥት ገብተው፣ የንጉሡ ሚስት ሆነው፣ ባላቸው ከሞተ በኋላ አገሩን ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። በየዓመቱ ወደ መካ የሚሄደውን የሐጅ ጉዞ ከሽፍታ የሚጠብቅ ሠራዊት ይሰጡ ነበር። የሐጅ መንገዱ የሚያልፈው ዛሬ ጂዛን በምንለው ቆላ ነው። በዚያው መንገድ ጉድጓድ አስቆፍሮ መስጊድ ያሠራው፣ ከእሳቸው 150 ዓመት ያህል የቀደመው ሑሰይን ኢብን ሰላማ ደግሞ የኑቢያ ሰው ነው፤ እሱም በባርነት ሄዶ የዘቢድ ባለሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር የሆነ። ሱለይማን ኢብን ጠርፍን ያስገበረው ይኸው ሰው ነው።

እነዚህን ታሪኮች የምናውቀው ከዑማራ ነው። ዑማራ አል-የመኒ የቲሃማ ልጅ፣ የሐከሚ ጎሣ፣ የሱለይማንም የሓፊዝም ወገን ነበር። በወጣትነቱ ዘቢድ ተምሮ፣ በንግሥቲቱ ቤተ መንግሥት ገብቶ ወጥቶ፣ ኋላ ካይሮ ኖረ። የየመንን ታሪክ የጻፈው እዚያ ሲሆን ከምንጮቹ አንዱ የጀያሽ መጽሐፍ ነበር። በ1174 ሰላዲን የወደቁትን የግብፅ ገዥዎች፣ ፋጢሚዶችን፣ ሊመልስ አሢሯል ብሎ አሰቀለው። ሐበሻው ንጉሥ የጻፈውን ለእኛ ያቆየው ይህ የሐከሚ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ውለታ ያለባቸው ሁለት አገሮች አንዱ ስለ ሌላው የሚናገርበት ምሽት አንድ ጊዜ እንኳ ሊኖራቸው ይገባል።

ከባሕሩ መሐል ያለችው ፈረሳን ሌላ ጉድ ናት። ከጂዛን ወደብ በጀልባ የምትደረስ የኮራልና የእንቁ ደሴት ናት። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው አል-ሐምዳኒ የፈረሳን ሰዎች ቀድሞ ክርስቲያን እንደነበሩ፣ የፈረሱ አብያተ ክርስቲያናት እንዳሏቸው፣ ነጋዴ ጭነውም ወደ ሐበሻ አገር እንደሚመላለሱ መዝግቧል። በዚያው በፈረሳን የተገኘ የላቲን ጽሑፍ ደግሞ ከ143 እስከ 144 ባለው ጊዜ የሮማ ጦር እዚያ ሰፍሮ እንደነበር ነገረን። የግብፁ የሁለተኛው ትራያን ሌጌዎን ክፍል ነበር። አፕሪኑስ የሚባል አዛዥ ነበረው። ስለዚህ ሰው ከዚያች ድንጋይ በቀር ብዙ የሚነገር ነገር የለም፤ አዱሊስና አክሱም በሚያብቡበት ዘመን፣ ከአዱሊስ ማዶ፣ አንድ የሮማ ሹም በዚህ ሙቀት ባሕር ሲጠብቅ እንደኖረ ግን አወቅን።

ከዘመናት በኋላ የወሎ ደረሶች ለትምህርት ወደ ዘቢድና ወደ ሐረመይን (መካና መዲና) ይሻገሩ ነበር። በመርከብ ከምጽዋ ወይም ከታጁራ ተነሥተው፣ በቲሃማ ወርደው፣ ኪታብ ተምረው ይመለሳሉ። በወሎና በሸዋ መስጊዶች የዘቢድ ስም በክብር የሚነሣው ለዚህ ነው። ባሕሩ ሰው ወስዶ ዐዋቂ ይመልስ የነበረበት ዘመን ነው።

ዛሬ የሚሻገሩት ሌሎች ናቸው። ከራያ፣ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ የተነሡ ወጣቶች ከኦቦክ ወይም ከቦሳሶ ጀልባ ተሳፍረው የመንን አቋርጠው፣ ከየመኗ ሰዓዳ በተራራ ወደ ጂዛን ይወርዳሉ። የጂዛን ስም በአገራችን ገጠር ገበሬ ቤት የገባው በእነሱ ነው፦ ከደላላው ጋር፣ ከሹርጣው ጋር፣ ከእስር ቤቱ ጋር። ከ2013 ኅዳር ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተባረው ሲመለሱ፣ በጂዛን በኩል የገቡ ከመካከላቸው ነበሩ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ የድንበር ጠባቂዎች በትንሹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን በዚያ ወሰን ላይ እንደገደሉ አመለከተ። የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አልተቀበለም። እኔ ስለ እነዚህ ሰዎች ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። በዚያው አገር አንድ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ባለቅኔ ምን ጎሣ እንደነበር በጥንቃቄ የሚያጣራ ባህል አለ፤ በወሰኑ ላይ የሞተው የራያ ልጅ ግን ስሙ እንኳ ለእናቱ አልደረሰም።

በእኛ በኩል ይህን የመሰለ ሥራ የጀመሩልን አባቶች አሉ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት «የሕይወት ታሪክ» ከዓኪሽ ሥራ ጋር የሚመሳሰል ነው፤ የትልቁንም የትንሹንም ሰው ስም በፊደል ተራ ደርድረው ለሚመጣው ትውልድ አቆዩ። በ1927 ዓ.ም. ጣልያን ሊወርር ሲዘጋጅ አቶ መኰንን ሀብተወልድ ያቋቋሙት የአገር ፍቅር ማኅበር መጀመሪያ ቴአትር ቤት አልነበረም፤ በምኒልክ አደባባይ ሰው ሰብስቦ ንግግር የሚያሰማ ማኅበር ነበር። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1955 ዓ.ም. ሲቋቋም ሪቻርድ ፓንክረስት ቀዳሚው ዳይሬክተር ሆነው ሴሚናሩን አስጀመሩ። የጎደለን እንደ ጂዛን ያለው ነው፤ በደሴ፣ በአልዩ አምባ፣ በዳና፣ በመቀሌ የአካባቢው ሰው ስለ አካባቢው ሰው፣ የልጅ ልጁ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ሲሰማ፣ በየወሩ የሚነጋገርበት ቋሚ ቦታ።

የጂዛኑ ክበብ ራሱ ባለበት አልቆየም። በ2000ዎቹ አጋማሽ ክበቦቹ ከስፖርቱ መሥሪያ ቤት ወጥተው ወደ ባህልና ማስታወቂያ ሚኒስቴር ተሸጋገሩ። በ2011 ንጉሥ ዐብዱላህ ለእያንዳንዱ ክበብ አሥር ሚሊዮን ሪያል ሰጡ፤ ብዙዎቹ አዳራሽ ሠሩበት። በዚያው ዓመት ቦርዶቹ በምርጫ መመረጥ ጀመሩ፤ ሴቶችም ገቡ። ከዚያ በፊት ሴቶች የሚሰሙት በተለየ አዳራሽ፣ በድምፅ ማጉያ ነበር። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ምክንያቱም የቤት ውስጥ ታሪክ፣ የሠርግ ግጥም፣ የአዋላጆችና የመድኃኒት ዐዋቂ ሴቶች ስም በእናቶች ዘንድ ነው ያለው። አል-ዐቂሊና የዘመን ጓደኞቻቸው የጻፉት የወንዶች ታሪክ የሆነው እነዚያን ድምፆች ስላልሰሙ ይመስለኛል።

ሌላው ለውጥ ጦርነት ነው። በ2009 መጨረሻ ከየመን ሑሲዎች ጋር በተደረገው ውጊያ የአል-ሓርስ ወረዳ የድንበር መንደሮች ባዶ ሆኑ፤ ከ2015 በኋላ ደግሞ ወሰኑ በሙሉ የጦር ቀጣና ሆነ። መንደር ሲነሣ ሽማግሌውና ሰንዱቁ ይለያያሉ። የመቃብሩን ቦታ የሚያውቀው ሰው ሌላ ከተማ አፓርታማ ውስጥ ይሞታል። አሁን በእነዚያ ምሽቶች የሚነገረው በቪዲዮ ይቀረጻል፤ ደግ ነው። ነገር ግን ካሜራው የተናጋሪውን ንባብ አስቀርቶ የታዳሚውን ሙዳኸላ ከቆረጠው ዋናው ቀረ ማለት ነው። ቢሆንልኝ ኖሮ ለክበቡ የምለምነው ይህንኑ ነው፦ ካሜራውን ወደ ወንበሮቹ አዙሩት።

ለእኛ ደግሞ በጂዳና በሪያድ የኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤቶች አሉን፤ ዐርብ የዕረፍት ቀን ነው፤ አዳራሽም አለ። የዑማራን ታሪክ ሄንሪ ካሰልስ ኬይ በ1892 ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል። ዓረብኛውን የሚያነብቡ የእኛ ኡስታዞች በየከተማው ሞልተዋል። የመጀመሪያው ምሽት ለጀያሽ ይሁን፤ ሁለተኛው ለንግሥት ዐለም። ሦስተኛው፣ ታዳሚው ፈቃደኛ ከሆነ፣ በሰዓዳ መንገድ ወንድም ወይም እህት ያጡ ሰዎች ተነሥተው ስም የሚጠሩበት፣ አንድ ሰው ደግሞ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የተነሣበትን ቀበሌ በደብተር የሚጽፍበት ይሁን።